ውሃ ያልገባው ምድር ቤት

በሜርል መንገድ የሚኖር ሁሉ የአትክልት አጥሩን እንደ ሙሽራ ፀጉር አስተካክሎ ይከረክማል። የጋሽ ሩሎፍና የእትዬ አሌይዳ አጥር ብቻ መሃሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ሽንቁር አለው። ማንም አስቦ አልቆረጠውም። የእትዬ አሌይዳ ባል ሄርማን አልጋ የያዘ ጊዜ ጋሽ ሩሎፍ እሱን ለማንሳትና ለማገላበጥ በቀን አምስት ስድስቴ ይመላለሱ ነበር፤ በዋናው በር ዞሮ መግባት ሲሰለቻቸው ቁጥቋጦውን በትከሻቸው እየገፉ ማለፍ ጀመሩ። ቁጥቋጦውም በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ መንገድ ለቀቀ። ሄርማን ሞተ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የጋሽ ሩሎፍ ሚስት ተከተለች፤ ሽንቁሩ ግን ቀረ።

በዚያ ሽንቁር ጋሽ ሩሎፍ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያልፋሉ። ቡናው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። እትዬ አሌይዳ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍተው ያቀርባሉ፤ ጋሽ ሩሎፍ አንድ ያነሳሉ፤ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ሁለተኛ ብስኩት የሚባል ነገር በዚያ ቤት አይታወቅም። ጋሽ ሩሎፍ አንድ ጊዜ፣ ገና ጡረታ የወጡ ሰሞን፣ እጃቸውን መልሰው ወደ ቆርቆሮው ሰደድ ቢያደርጉ፣ «ምነው፣ ነገ የለም እንዴ?» ተብለው እጃቸውን ሰብስበዋል። ከዚያ ወዲህ አልሞከሩም።

ታዲያ በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ ክዳኑ ጠቅ እንዳለ፣ እትዬ አሌይዳ «ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ።

«የቱን ቤት?»

«ስንት ቤት አለኝ? ይሄን ነዋ!»

ጋሽ ሩሎፍ ብስኩታቸውን ሳይነክሱት ከሲኒው አጠገብ አኖሩት።

«ዴቬንተር ከተማ፣ ማርግሪት ያለችበት ሕንጻ ላይ ባዶ ቤት ተገኘ» አሉ እትዬ አሌይዳ። ማርግሪት ሴት ልጃቸው ናት። «ሊፍት አለው። የኔ ጉልበትና ይሄ ደረጃ እንደሆነ ከተኳረፉ ቆይተዋል።»

«ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ሩሎፍ።

ጥሩ አልነበረም። ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሰላጣ መደባቸው ውስጥ ገቡና አረሙን ከሰላጣው ሳይለዩ ነቃቀሉት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። የቅርቡ ጎረቤት ሩቅ ሲሄድ ምን እንደሚሻል ግን የተረተ ሰው የለም።

ደላላው ሬይኒር ጫማው ሹል፣ ምላሱ ደግሞ ከጫማው የባሰ ሹል የሆነ ወጣት ነው። ቤቱን ዞሮ ፎቶ አነሳ፣ የእትዬ አሌይዳን ግማሽ ዕቃ ከፎቶው እንዳይገባ ወደ ጓሮ አወጣ፣ «ይሸጣል» የሚለውን ሰሌዳ ደጃፍ ካለችው ጽጌረዳ አጠገብ ተከለ። ጋሽ ሩሎፍን አጥሩ ላይ ሲያገኛቸውም ወሬውን ለቀቀው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰፈር አይደለም! ከተማ ውስጥ የተረሳ ገጠር ነው! ወፍ ይጮሃል፣ ልጅ መንገድ ላይ ይጫወታል፣ ባቡር ጣቢያው ደግሞ እዚህ ጋ። ሰዉ ለውሻ ቤት እንኳን እየተጋፋ ነው። በሳምንት ባልሸጠው ሬይኒር አይደለሁም!»

«እናያለን» አሉ ጋሽ ሩሎፍ።

ቅዳሜ ሬይኒር ለያንዳንዱ ገዢ ሩብ ሩብ ሰዓት አድሎ ቤቱን ማሳየት ጀመረ። ጋሽ ሩሎፍም ቅዳሜውን መርጠው አጥር ሊከረክሙ ወጡ። አጥሩ ባለፈው ሳምንት የተከረከመ ስለሆነ የሚቆረጥ ቅጠል አልነበረም፤ መቀሳቸውን ይዘው አየሩን ይከረክሙ ጀመር።

መጀመሪያ የመጡት መርከብ የሚያህል መኪና የያዙ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውዬው ቤቱን ከማየቱ በፊት ፊት ለፊት ያለችውን የአበባ ቦታ በእርምጃው ለካ።

«ይቺን ጽጌረዳ ነቅለን ድንጋይ ብናነጥፍበት ሁለት መኪና ታቆማለች» አላት ለሚስቱ።

ያቺን ጽጌረዳ ሄርማን ነው የተከላት። ጋሽ ሩሎፍ ደማቸው ፈላ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጠጋ አሉና፣ «ዋናተኞች ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አይደለንም። ምነው አባባ?»

«አይ፣ ለምድር ቤቱ ብዬ ነው። ክረምት ላይ ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ደግነቱ ዓሣ የለውም።»

ምድር ቤቱ ከወለሉ ስር ያለ፣ እትዬ አሌይዳ ድንቻቸውን የሚያስቀምጡበት፣ ከተሠራ ጀምሮ ጠብታ ያልነካው ቦታ ነው። ባልና ሚስቱ ተያዩና ሩብ ሰዓታቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሁለተኛው ስልኩን ከጆሮው የማያነሳ ሰው ነበር። «ስድስት ክፍል ይወጣዋል» እያለ ለአንድ ሰው ያወራል፤ «በየክፍሉ አንድ ተማሪ፣ ሳሎኑን ደግሞ ለሁለት ከፍለን...» ጋሽ ሩሎፍ ስልኩን እስኪዘጋ በትዕግሥት ጠበቁት።

«ጎበዝ፣ ቤቱስ ደህና ነበር። ጎረቤቱ ነው እንጂ የማያስኖረው። ሰው ሲስቅ ከሰማ ፖሊስ የሚጠራ ሽማግሌ ነው አሉ።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«እኔ።»

እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድባቸውም። ሰፈሩን አዳኑ ብሎ የሚያመሰግናቸውም አይጠፋም። ነገሩ የተበላሸው ሦስተኛዋ ስትመጣ ነው።

ሦስተኛዋ በብስክሌት የመጣች አስተማሪ ነበረች። ብስክሌቷን ከመንገድ ዳር አስደግፋ ጽጌረዳዋን አጎንብሳ አሸተተች። «እንደምን አደሩ አባባ፤ አጥርዎ እንዴት ያምራል!» አለች። ጋሽ ሩሎፍ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ እንከን ፈለጉ፤ አጡ። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ ውሻ የላት፣ ከበሮ አትመታ። ለእትዬ አሌይዳ ቤት በትዕዛዝ የተሠራች ትመስል ነበር። ያን ጊዜ የገዛ አፋቸው ሳይፈቅዱለት ሲናገር ሰሙት።

«ምድር ቤቱን አየሽው የኔ ልጅ?»

የውሃውን ወሬ ሲጨርሱላት የልጅቷ ፊት ጠቆረ። «ከማጥ ውስጥ ስላዳኑኝ እግዜር ይስጥልኝ አባባ፤ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» ብላቸው ሄደች።

የዚያን ቀን እራት አልወርድ አላቸው። ክፉ ገዢ እያባረርኩ ነው ሲሉ ነበር፤ ለካ የሚያባርሩት ገዢ የሚባለውን ሁሉ ነው። ጽጌረዳዋም ተማሪዎቹም ሰበብ ናቸው። ጋሽ ሩሎፍ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ አሌይዳ እንዳትሄድ። ይሄን ለራሳቸው ሲናገሩት አፈሩ፤ ቢያፍሩም ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተጨመረ፣ ዋጋ የሰጠ ሰው ጠፋ። ሬይኒር ራሱን አከከ። ለውሻ ቤት የሚጋፋ ሕዝብ ይሄን የመሰለ ቤት አይቶ ዝም ሲል በሥራ ዘመኑ አልገጠመውም። ግራ እንደተጋባም ከነቤተሰቡ ድንኳኑን ጭኖ ለዕረፍት ወደ ፈረንሳይ ነዳ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ሩሎፍ በሽንቁሩ አለፉ። ቡና ተቀዳ፣ ብስኩት ተነሳ፣ ክዳኑ ጠቅ አለ።

«ምድር ቤቴ ውስጥ ባሕር አለ አሉ» አሉ እትዬ አሌይዳ።

ጋሽ ሩሎፍ ቡናቸውን ማማሰል ያዙ። ስኳር አይወስዱም።

«ሬይኒር ነው ትናንት ከመንገድ ደውሎ የነገረኝ። ቤቱን ያዩት ሰዎች ገና ትናንት እየደወሉ ጠየቁት። እኔ እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ስኖር ድንቼ ሲዋኝ አላየሁም።»

«ሰው ደግሞ ሲያወራ...»

«ሰው ነው?» አሉ እትዬ አሌይዳ። ትክ ብለው ዓይን ዓይናቸውን አዩዋቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የጋሽ ሩሎፍም ነገር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጠራ። ማማሰላቸውን አቆሙ። «ሰው አይደለም» አሉ ቀስ ብለው፤ «እኔ ነኝ።»

ስድብ ጠበቁ። እትዬ አሌይዳ ግን አልተሳደቡም።

«ስማኝ ሩሎፍ። በየካቲት ከደረጃው ወድቄያለሁ።»

«ምን? መቼ?»

«አንድ ቀን ጠዋት። ከላይ እስከ ታች ተንከባለልኩ። መነሳት ሲያቅተኝ በዳዴ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ወንበር ተደግፌ ቡናውን ጣድኩት። አንተ በሰዓትህ መጣህና 'ዛሬ ደግሞ ቡናው ቀጥኗል' ብለህ አማረርክ።»

ጋሽ ሩሎፍ ያን ቀጭን ቡና አስታወሱት። ሁለት ጊዜ ነበር ያማረሩት።

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ትሸከመኝ ነበራ! ሄርማንን ስትሸከም ወገብህ ተቆርጧል፤ ሁለተኛ በሽተኛ አላሸክምህም። ይሄ ቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሸጠ የዴቬንተሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ ከደረጃው ስር የምታገኘኝ አንተ ነህ።» እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፍ አወጡና ከቡናው አጠገብ አኖሩት። «ነገ ከሰዓት ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ። ደላላው የለም፣ እኔ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። አንተ ታሳያቸዋለህ።»

«እኔ?»

«አንተ! ስለዚያ ምድር ቤት ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የት አለ?»

በማግስቱ ጋሽ ሩሎፍ የእትዬ አሌይዳን መስኮቶች ከውጭም ከውስጥም አጠቡ፣ ለንጉሡ ልደትና ለቀብር ብቻ የምትወጣውን ኮታቸውን ለበሱ፣ በሩ ላይ ቆሙ። ከፊቱ የእንጨት ሳጥን የተገጠመለት ብስክሌት መጣ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል። ቲርዛና ዩስት የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ቤት ተጫርተው ተጫርተው የተነጠቁት ብዛት ፊታቸው ላይ ያስታውቃል፤ ገና ከበሩ እንደተሸነፈ ሰው ነበር የቆሙት።

ጋሽ ሩሎፍ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርሱ በቀጥታ ወደ ምድር ቤት አወረዷቸው።

«ግድግዳውን ንኩት! ንኩት እንጂ!»

ዩስት ፈራ ተባ እያለ ነካ። «ደረቅ ነው።»

«ደረቅ ነው! ውሃ ይገባዋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውሸታም ነው በሉት። ሰውዬውን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ምኑን ልንገራችሁ፣ ሩብ ሰዓት ቀርቶ ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አስጎበኟቸው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠዋት ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ወንበር ስበው አስቀምጠው አሳዩ። ዝናብ ሲመጣ የሚጣበቀውን መስኮት፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አልደበቁም። መሰላል ከማን እንደሚዋሱ፣ የማን ድመት ሰው ቤት እንደምትተኛ ነገሩ። ሲናገሩ ሲናገሩ ድምፃቸው እየሞቀ ሄደ፤ ቤቱን እንዲህ እንደሚወዱት እሳቸውም የዚያን ዕለት ነው ያወቁት።

ዩስት ግን በመጨረሻ ተጠራጠረ። ብዙ ቤት ያየ ሰው ነው። «አባባ፣ ቧንቧና መስኮት ይታደሳል። እውነቱን ይንገሩን፤ የዚህ ቤት ትልቁ ጉድለት ምንድን ነው?»

ጋሽ ሩሎፍ ወጥ ቤቱን ዞር ብለው አዩ። ሁለቱ የቡና ሲኒዎች ታጥበው ተደፍተዋል።

«አንድ ጉድለት አለው» አሉ። «ከእንግዲህ አሌይዳ አትኖርበትም።»

ዩስት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቲርዛ አልሳቀችም። ወደ ጓሮው ወጣችና አጥሩ ጋ ደርሳ ሽንቁሩን አየች።

«በዚህ በኩል ምን አለ?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ሩሎፍ። ቶሎ ብለውም፣ «አያሳስብሽ፣ እደፍነዋለሁ። አንድ ችግኝ ነው የሚበቃው» አሉ።

ቲርዛ ጎንበስ ብላ በሽንቁሩ አሾልቃ የተነቃቀለውን ሰላጣ መደብ ተመለከተች። «ተዉት እስቲ ለጊዜው» አለች። «ልጁ መዳህ ሊጀምር ነው፤ የሚሄድበት አይጣ።»

በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ «ተሽጧል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሬይኒር ከፈረንሳይ በፀሐይ ቀልቶ ሲመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀው፤ ቢሆንም ለሰፈሩ ሁሉ «ብዬ አልነበር!» እያለ ዞረ። ጋሽ ሩሎፍ ገዝተው ያመጡትን ችግኝ ሽንቁሩ አጠገብ በማሰሮው እንዳለ ተዉት።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ያልታሸጉት ሁለት ሲኒዎችና ቆርቆሮው ብቻ ናቸው። ጋሽ ሩሎፍ በሰዓታቸው ገብተው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ቡና ተቀዳ። ብስኩት አነሱ፤ ጠቅ የሚለውን ድምፅ ጠበቁ።

ጠቅ አላለም። እትዬ አሌይዳ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ ትተው ቆርቆሮውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት።

«ውሰድ እንጂ፤ ሌላም ጨምር» አሉ። ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዩት።

ጋሽ ሩሎፍ ቆርቆሮውን አዩት። ስንት ዓመት የተመኙት ሁለተኛ ብስኩት እዚያው ፊታቸው ተቀምጧል። እንባቸው መጣ፤ አላፈሩበትም። እጃቸውን ዘረጉና ክዳኑን አንስተው ቆርቆሮው ላይ ጫን አደረጉት። ጠቅ አለ።

«ምነው፣ ነገ የለም እንዴ?» አሉ።

እትዬ አሌይዳ ሳቁም አለቀሱም፤ ሲኒ ሊጠቀልሉበት ባዘጋጁት ወረቀት አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ነገማ እሑድ ነው፤ ማርግሪት ምሳ ጠርታኛለች። ማክሰኞ ና። ከሦስት ሰዓት ተኩሉ ባቡር ከወረድክ ለቡናው ትደርሳለህ። በዋናው በር ነው ታዲያ የምትገባው፤ እዚያ የምትደረምሰው አጥር የለም።»

ቆርቆሮውንም ማክሰኞ ሳይፈለግ እንዲገኝ ከካርቶኖቹ ሁሉ በላይ አስቀመጡት።