ለሙጂብ የተከፈተው ሻምፓኝ

ወይኒ ዕድሜዋን የፈጀችው ዱባይ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ወይን በመቅዳት ነው። መቅዳት ብቻም አልነበረም፤ እንግዳው የሚበላውን አይታ የሚስማማውን ወይን ትመርጥለታለች፣ አንድ ጊዜ ቀምሳም ከየት አገር እንደመጣ ትናገራለች። ጦርነቱ ቆሞ ስልክ ሲከፈት የእናቷን መታመም ሰማችና ሥራዋን ጥላ መቐለ ገባች። አስታመመች፣ ቀበረች። ከዚያ ወዲህ ሓድነት በሚባለው ሰፈር ባለው የእናቷ ቤት ብቻዋን ቀረች።

አለቃዋ ሲሰናበቷት የሰጧት ጠርሙሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ ከፈረንሳይ ቦርዶ፣ ከስፔን ሪዮሃና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ቀይ ወይኖች፣ አንድ ሻምፓኝም አለ። ለማን ትክፈታቸው? ዘመዶቿ ጠርሙሶቹን ካዩ ጀምሮ እግራቸውን አሳጥረዋል። አክስቷማ ጠበል ብትገቢ ይሻልሻል ብላታለች።

ስለ ወይን ስታወራ ፊቱ የበራው ቀለሙ ብቻ ነበር። ቀለሙ ሰፈሩ ውስጥ ቤት የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ባልደረቦቹን ይዞ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሁድ ከሰዓት እንደሚመጣ ነገራት። ወይኒ ሳምንቱን ሽር ጉድ ስትል ከረመች። ብርጭቆ ተዋሰች፣ አይብ ገዛች፤ አዲስ የጠረጴዛ ልብስም ከመንገዱ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ ለሙጂብ እንዲዘመዝምላት ሰጠች።

እሁድ ዕለት አየር ያግኛቸው ብላ ቀዮቹን አስቀድማ ከፈተቻቸው። ጠበቀች። በመጨረሻ ቀለሙ ደወለና ድንገት ስብሰባ እንደተጠሩ ነግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ምንም አይደለም አለችው።

ስልኩን ሳታስቀምጥ ሙጂብ የጠረጴዛ ልብሱን ይዞ ደረሰ። ባዶዎቹን ወንበሮች ተራ በተራ አያቸው።

"እንግዶችሽ አልመጡም?"

"አልተመቻቸውም፣ ሓወይ" አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው።

ሙስሊም ነውና እንደማይጠጣ ታውቃለች። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"አልጠጣም እንጂ ወሬ አልጠላም" አላት።

አምቦ ውሃ ቀዳችለትና ማውራት ስትጀምር ቃል አጠራት። ሙያውን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ለማንም ነግራ አታውቅም። ቀስ እያለች አገኘችው። ቦርዶው እርሳስ ሲቀረጽ የሚመጣው ዓይነት ሽታ አለው አለችው። ሪዮሃው አዲስ ቆዳ ይሸታል፤ የደቡብ አፍሪካው ፀሐይ ያሞቀውን በለስ ያስታውሳል። ሻምፓኝ የቦታ ስም እንደሆነ፣ ወይኑም እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ እንደሚፈላ አስረዳችው። ሙጂብ አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጣል።

"ይሄን ሁሉ አገር ዞረሽ አይተሻል ማለት ነው?"

"አንዱንም አላየሁም" አለች። "ከሆቴሉ ወደ መኝታዬ፣ ከመኝታዬ ወደ ሆቴሉ ነበርኩ። የማውቃቸው በምላሴ ነው።"

ሙጂብም ስለራሱ አጫወታት፤ ሚስቱና ልጆቹ ኮምቦልቻ ናቸው፣ የሚያያቸው ለዒድ ነው። እሱ እንደማይቀምሰው እያወቀች ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ያስገባችውን ሻምፓኝ ላክብርህ ብላ አወጣችው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፍሪጁ በደንብ አላቀዘቀዘውም፤ ያልቀዘቀዘ ሻምፓኝ ደግሞ ክዳኑን በኃይል ይገፋል። ቡሹ ከእጇ አመለጠና እንደ ጥይት ጮኸ።

ሙጂብ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጎረቤት ሕፃን አለቀሰ፤ መንገዱ ላይ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ድምፅ ጠፋ። ወይኒ ራሷ ጠርሙሱን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

በሩ ተንኳኳ። የእናቷ ወዳጅ የነበሩት ጎረቤቷ ኣደ ኣበራሽ ናቸው፤ ከተዝካሩ ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

"ደህና ነሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?"

የጮኸው የመጠጥ ክዳን መሆኑን ነገረቻቸውና ጥቂት ቀዳችላቸው። ቆመው ቀመሱ። ይኮመጥጣል አሉ፤ ቢሆንም ጨረሱት። ብርጭቆውን ሲመልሱላት ዓይኗን አላዩም።

"ሁለተኛ እንዲህ ያለውን አትክፈቺ። ልጆቹ ገና ይደነግጣሉ።"

እሳቸው ወጡ። ሙጂብም ጉልበቱን አራግፎ፣ የአሱር ሶላት ደርሷል ብሎ ተሰናበታት። የተከፈተ ወይን አይቆይም። ወይኒ ከየጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ ቀዳችና ፊት ለፊቷ ሰው ያለ ይመስል ስለ ሪዮሃው ድምፅ አውጥታ መናገር ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች የገዛ ድምፅዋ አሳፈራት። ዝም ብላ ጠጣች።