ያልተነበበው ታርጋ

ታፔላ ጻፊው ትራፊክ ምርመራ ክፍል መመላለስ ከጀመረ ይህ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የበሩ ዘበኛ እንኳ መታወቂያ መጠየቁን ትቶለታል። እህቱን መንገድ ስታቋርጥ ገጭቶ ያመለጠው ሰው እስኪገኝ ድረስ፣ እንኳን ዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ዓመትም ቢሆን እመላለሳለሁ ብሎ ምሏል።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል፤ የስፌት መኪናዋ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ነው። እሷ ግን የእግሯን ነገር አንድ ቀን አላነሳችም። ነጋ ጠባ የምትጠይቀው ሌላ ነው። "ጋሼ፣ ሰውዬው ተገኘ? ፊቴ ቆሞ ለምን እንዳልወረደ ይንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ በመስታወት አይቶኛል እኮ። አይቶኝ ነው የሄደው።"

የዚያን ዕለት ጠዋት ገና ሲገባ መርማሪዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"መኪናውን አደጋው ቦታ አጠገብ ያለ የመድኃኒት ቤት ካሜራ ይዞታል። ታርጋውም ቁልጭ ብሎ ይታያል።"

"ተመስገን!" አለና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ቆይ፣ ይታያል አልኩ እንጂ ይነበባል አልወጣኝም። ዓይናችን እስኪጠፋ አየነው።" ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችው። "እርስዎ የጽሕፈት ሰው ነዎት አሉ። እስቲ ይሞክሩት።"

መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ። ጥቁር መደብ ላይ በብርማ ስቲከር የተለጠፉ፣ ጅራታቸው ወደ ውስጥ የተጠቀለለ አምስት ቁጥሮች። ጅራቱን ማን እንደጠቀለለው ለማወቅ መነጽርም አያስፈልገውም ነበር።

ታፔላ ጻፊው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። የታፔላ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ነው ታርጋ ማሳመር የጀመረው። ደንበኛ ሲያመነታ መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። "ሕጉ የሚከለክለው ቁጥር መቀየር ነው። ቁጥሩ ያው እስከሆነ ድረስ መልኩ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ልብስህን በፈለግከው ፋሽን ብታሰፋ ማን ይከስሃል?" ይህን ከማን ሰማው? ከማንም። ደጋግሞ ከማውራቱ ብዛት ራሱ አመነው። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ "እጅህን ይባርከው" ስላለው፣ ያንን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ደንበኞቹ ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ የሱን ነቅለው ከመንግሥት የተሰጣቸውን ሲገጥሙ እንኳ፣ "እንዳይቧጨርባቸው ነው" ብሎ ለራሱ ተረጎመው። ሰው እንጀራው የተንጠለጠለበትን ነገር አይመረምርም መሰል።

"የኔ ሥራ ነው" አለ።

"ምን አሉ?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት።"

መርማሪዋ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ፊቷ ፈካ፤ ይህ ደግሞ ከስድብ የባሰ ከበደው። "ታዲያ ተገላገልን! ለማን እንደሠሩለት ይንገሩኛ!"

"አላውቅም። መዝገብ አልያዝኩም። ሰባ ሰማንያ ይሆናል የሠራሁት፤ ሁሉም የሚወደው ይህንኑ ነው።"

"እሺ ያንብቡልኝ። ጻፊው ካላነበበው ማን ሊያነበው ነው?"

የመጀመሪያው ስድስት ነው። ሁለተኛው አንድ፤ ይህ አያጠራጥርም። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ወረቀትና እርሳስ ለመነ። እጁ እንደለመደው ሦስትን ጻፈና ጅራቱን ጠቀለለ፤ ቁርጥ ፎቶውን ሆነ። ስምንትን ጻፈ፤ እሱም ፎቶውን ሆነ። አምስትን ሞከረ፤ እሱም ያው። አራተኛውና አምስተኛው ከዚህም የባሱ ነበሩ። ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ሊጠይቅ እጁን ሲዘረጋ መርማሪዋ እርሳሱን ቀስ ብላ ተቀበለችው።

"ሕገ ወጥ መሆኑን አያውቁም ነበር?"

"ቁጥሩን አልቀየርኩም እኮ" አለ፣ አሁንም። አፉ ለምዶት ነው።

"ታርጋ እኮ ባለመኪናው እንዲያጌጥበት አይደለም የሚሰጠው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ እንዲነበብ ነው።"

ቃሉን ተቀብላ አስፈረመችው። በራሱ ጉዳይ ሌላ ቀን እንደሚጠራ ነገረችው። ስለ እህቱ ጉዳይ ግን "በዚህ ብቻ የሚገጥመው መኪና ስንትና ስንት ነው፤ ሌላ ማስረጃ ካልመጣ..." ብላ ተወችው።

ሆስፒታል ሲደርስ የጠያቂ ሰዓት ነበር። እህቱ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የጎረቤቷን በሽተኛ ቀሚስ በመርፌ ትጠቅማለች። ስታየው ሥራዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

"ተገኘ?"

"ታርጋው በካሜራ ታየ። ግን አልተነበበም። ያጌጠ ታርጋ ነው።"

"ያጌጠ?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔ እኮ አየሁት! ወድቄ፣ ቁጥሩን ልያዝ ብዬ ዓይኔን ተከልኩበት። ቁጥር አልመስል አለኝ። ራሴን ስቼ ነው ብዬ፣ እንዴት አምስት ቁጥር መያዝ ያቅተኛል እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ለካ የሚነበብ አልነበረም! ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው? እጁ ይቆረጥ!"

"እኔ ነኝ" አለ።

የቀለደ መስሏት ፈገግ ልትል ቃጣት። ፊቱን ስታይ ተወችው። መርፌዋን አነሳችና ሁለቴ ሦስቴ ወጋች፤ ክሩ ግን አልቆ ነበር።

"ሰውዬውን ታውቀዋለህ ማለት ነው?"

"መጥቶ አሠርቶ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

"እንግዲያው አይገኝም።"

"አይገኝም" አለ።

ቀሚሱን አጣጥፋ ለጎረቤቷ አቀበለች። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ፣ እግሯ ሊኖር ይገባ የነበረበትን ባዶ ቦታ ሸፈነች።

"ነገ እንዳትመጣ" አለችው።

"እሺ" አለ።