ሰውዬውን ምን አደረጋችሁት?

ባሌን ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። የፍርድ ቤት ደጃፍ እንኳ ረግጦ አያውቅም፤ ሥራው ውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ዳኛ ያሰኘው የሮክ ሙዚቃ ነው። ቆጣሪ ሊያነብ የሰው ግቢ ገብቶ በመስኮት የጊታር ድምፅ ከሰማ ቁጥሩን ይተውና በሩን ያንኳኳል። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህን ባንድ ምን ብላችሁ ነው የምታዳምጡት?» ይላል። ሰዉም ውሃው እንዳይቆረጥበት እየፈራ ቆሞ ያዳምጠዋል።

እኔ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ፀጉር ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስሰማ ውዬ ቤት ስገባ ደግሞ የእሱ ብይን ይጠብቀኛል። ምን ይደረጋል፣ የአንዷ ባል ይጠጣል፣ የሌላዋ ይማግጣል፣ የእኔው ይፈርዳል። ተመስገን ነው።

ባንዶቹን በስማቸው አይጠራም፤ ቅጽል ያወጣላቸዋል። ከበሮአቸው የሚፈጥነውን «ቸኳዮቹ»፣ ፍቅረኛዬ ሄደች እያሉ የሚያላዝኑትን «አልቃሾቹ» ይላቸዋል። አንዱ ጊታሩን ለብቻው ይዞ አልለቅም ሲል «ይሄ ደግሞ መጥቶ አልሄድ ያለ እንግዳ ነው» ብሎ ይነሳና ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል። ኦርጋን ያስገባ ባንድ በእሱ ዘንድ አለቀለት፤ «ኦርጋን በበር ሲገባ ጊታር በመስኮት ይወጣል» ባይ ነው። ካረጁ በኋላ እንደገና የተሰበሰቡትንማ ተዉት። «ቤታቸው ቁጭ ብለው የልጅ ልጅ አያቅፉም?» ይላል። በሕዝብ ፊት የተቀዳ ሸክላ በነፃ ቢሰጡትም አይወስድም፤ ጭብጨባ ካማረኝ ሰርግ እሄዳለሁ ይላል።

ይህን ሁሉ የሚለካው በአንድ ሸክላ ነው። ከመጋባታችን በፊት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ ከነማጫወቻው የገዛው ትልቅ ሸክላ ነው። ሽፋን የለውም። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተፋፍቆ ጽሑፉ ጠፍቷል። ማን እንደዘፈነው የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ልጃችን አንድ ቀን ዘፈን የሚለየውን ስልኳን አስጠግታ ብታሰማው ስልኩም አላውቀውም አለ። ያን ቀን ባሌ ደረቱን ነፍቶ ነው ያመሸው። ባንዱን «ስም የለሾቹ» ይላቸዋል፤ ዘፋኙን ደግሞ በቃ «ሰውዬው»።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬውን እኔም እወደዋለሁ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ አንዷን ቃል ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚጨርሳት። ቋንቋው ባይገባንም ሐዘኑ ይገባል። ከበሮው ቁምሳጥን ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነው የሚራመደው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሰውዬው መዝፈኑን ይተውና ሲቃ ይይዘዋል፤ ሆ… ሆ… ሆ… እያለ ከሆዱ ይነፈርቃል። ባሌ እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል።

«እናቱ ሞታ ነው» ይለኛል።

«በምን አወቅህ?»

«ሰው ለእናቱ ካልሆነ እንዲህ አያለቅስም።»

የእሱ እናት ገና ልጅ ሳለ ነው የሞተችው። ስለዚህ በሌላው ሁሉ ስከራከረው እዚህ ላይ ዝም እላለሁ።

ሕጎቹን ሁሉ ያወጣው ከዚህ ሸክላ ነው። እውነተኛ ሮክ አይቸኩልም። እውነተኛ ሮክ አይስቅም። ሦስተኛው ቤታችንን ያመሰው ሕግ ነው፦ ሮክ የወንድ ጉሮሮ ይፈልጋል።

ልጃችን ፎቶ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። እዚያ ከሥራ በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንድ አቋቁመው ኖሯል። ጊታር መቺው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከበሮ መቺዋ ልብስ ንጽሕና ቤት የምትተኩስ ልጅ ናት። ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በሰፈሩ ሙያ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊጫወቱ ተፈቅዶላቸዋል። ዘፋኟ ልጄ ናት። ይህን በራት ሰዓት ስትነግረን ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ጉሮሮ ማለት ቧንቧ ነው» አላት። «በቀጭን ቧንቧ ብዙ ውሃ አያልፍም። ሰው ፊት ወጥተሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

«አባዬ፣ ስዘፍን ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«የታወቀ ነገር ምስክር አይጠራበትም።»

«ሳትሰማ ነው የምትፈርደው?»

«ሰውዬውን ሰምቻለሁ። ይበቃኛል።»

ማታ ዕቃ ስናጥብ ልጄ አጠገቤ ቆማ «እማዬ፣ እሱ ካልመጣ አልዘፍንም» አለችኝ። «ትቀልጃለሽ?» አልኳት። አልቀለደችም። «ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። እሱ የሌለበት አዳራሽ ውስጥ ለማን ብዬ ነው የምዘፍነው?» አለችና ሳህኑን ተቀብላኝ ታደርቅ ጀመር። ሄጄ ያንን ሸክላ በጉልበቴ ለሁለት ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

መስበሩ ቀርቶ ዘዴ ፈለግሁ። «ልጆቹን እሁድ ቤት እንጥራቸውና አንተው ራስህ አስረዳቸው» አልኩት። ደስ አለው። ዳኛ ችሎት ሲሰየምለት ለምን ይከፋዋል? «ሰውዬውን አሰማቸዋለሁ፤ ከዚያ ራሳቸው ይተዉታል» አለኝ።

እሁድ ጠዋት ቤቱን ሳጸዳ ማጫወቻው ጋ ደረስኩ። ጎኑ ላይ ትንሽ ማንሻ አለችው፤ ሻጩ ይሁን ከሻጩ በፊት የነበረው ሰው አላውቅም፣ አንድ ሰው በማጣበቂያ ደፍኖ አንድ ቦታ ላይ አድርቋታል። ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ የአፍንጫ ቅርፊት መስሎ ስንት ዘመን ዓይኔን ሲያስጠላኝ ኖሯል። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ከፀጉር ቤቴ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አመጣሁና በጥጥ አሸሁት። ሟሟ። ማንሻዋ ተላቀቀች። ወደ አንድ ወገን ጋደል ብላ ነበር፤ ጠማማ ነገር ስለማልወድ ወደ ሌላው ገፋሁና ቀጥ አደረግኋት። ቀጭ አለች። አምሮበታል ብዬ ወደ ወለሉ ዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጡ። ጋጋሪው በክንዱ ትኩስ ዳቦ፣ በጀርባው ጊታር ይዞ ነበር። ከበሮ መቺዋ እጇን በሁለቱ ጉልበቶቿ መሃል አድርጋ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጄ በሩ አጠገብ ቆመች። ሻይ ቀዳሁ። ባሌ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ማጫወቻው ጎን ቆመና ንግግር አደረገ። ስለ ቸኳዮቹ፣ ስለ አልቃሾቹ፣ ስለ ኦርጋን ሁሉንም አላቸው። ከዚያ ሸክላውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አውጥቶ አስቀመጠው።

«አሁን ሰውዬውን ትሰማላችሁ» አለ። «ከሰማችሁት በኋላ እኔ ምንም አልጨምርም።»

መርፌውን አወረደ።

ከበሮው ደረጃ በሩጫ እንደሚወርዱ ልጆች ተንጋግቶ መጣ። ጊታሩ ተከትሎት ዘለለ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ ጥርት ያለ፣ ፍንድቅ ያለ የሴት ድምፅ ሳሎኔን ሞላው።

ክው አልኩ። ማንቆርቆሪያው በእጄ እንዳለ ሻዩ ወለሉ ላይ ይፍሰስ ብርጭቆው ውስጥ ይግባ አላየሁም። የምታውቀውን በር ከፍተህ የማታውቀው ሰው ቤት ብትገባ እንደዚያ ነው። ዜማው የእኛ ነው፤ እያንዳንዷን መታጠፊያ አውቃታለሁ፤ የሚዘፍነው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ባሌ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰውዬውን ምን አደረጋችሁት?» አለ።

ድምፁ የቁጣ አልነበረም። ልጁ ገበያ መሃል የጠፋበት ሰው ድምፅ ነው። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ «እኔ ነኝ» አልኩ፤ ስለ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ስለ ማጣበቂያው፣ ስለ ማንሻዋ ነገርኩት። ተስፈንጥሮ ማንሻዋን ወደ ድሮዋ መለሳት። ዘፈኑ ተንፈስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ባሌ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

«ይኸው» አለ። «ይኸው! ሰውዬው ይሄ ነው። ያ የተበላሸው ነው።»

ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትልልቅ ሸክላ ሁሉ በዝግታ የሚዞር አይደለም። እንደ ትንንሾቹ በፈጣኑ እንዲጫወቱ የሚቀዱ አሉ። ማንሻዋም የተሠራችው ፍጥነቱን ለመቀየር ነው።»

«አንተ ዳቦህን ጋግር።»

«እሺ ጋሼ። ግን አንድ ጊዜ እንሞክረው?»

ጋጋሪው ስልኩን አውጥቶ ማጫወቻው ጋ አስጠጋ። ሰውዬው ሲዘፍን ስልኩ እንደ ድሮው አላውቅም አለ። ጋጋሪው ባሌን በዓይኑ አስፈቅዶ ማንሻዋን ገፋት። ሴትዮዋ ጀመረች። ስልኩ ወዲያው በራ። ስም ጻፈ፣ ፎቶ አወጣ። ፀጉሯ የተንጨፈረረ፣ ጊታር ያነገተች፣ ካሜራው ፊት ጥርሷ እስኪታይ የምትስቅ ወጣት ሴት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ባሌ ስልኩን ክንዱ እስከሚደርስበት አርቆ ለረጅም ጊዜ አያት።

ያስደነገጠኝ ይህ ሁሉ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሸክላውን የሚያቆመው ስላልነበረ ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ሰውዬው የሚያለቅስበት ቦታ ሊመጣ መሆኑን እኛ የቤቱ ሰዎች አወቅን፤ ባሌም እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ሴትዮዋ መዝፈኗን ተወች። ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ሀ ሀ ሀ እያለች ሳቀች። አንድ ሰው ከኋላዋ የሚያስቅ ነገር አድርጎባት ይሆናል። ሲቃው ሳቅ ነበር።

ባሌ ዓይኑን ገለጠ። መርፌው መጨረሻው ላይ ቆሞ ይፍጨረጨራል፤ ማንም አላነሳውም።

«እየሳቀች ነው» አለኝ። «እኔ ለእናቴ ሳለቅስ፣ እሷ ስትስቅ ነው የኖረችው?»

ያን ሁሉ ዘመን ያጠራቀምኩት ቀልድ ነበረኝ። ሮክ አይስቅም፣ ሮክ አይቸኩልም፣ ሮክ የወንድ ጉሮሮ ይፈልጋል፤ አንድ በአንድ ልመልስለት እችል ነበር። ፊቱን ሳየው ሁሉንም ተውኩት። መርዶ የደረሰው ሰው ፊት ነው። አሳዘነኝ፤ ባሌ እንዲህ አሳዝኖኝ አያውቅም።

«በቃ ሰውዬው ሞተ» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ኧረ ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም እኮ» አለች ከበሮ መቺዋ። ዓይኔን ሳጉረጠርጥባት ዳቦዋን ጎረሰች።

ልጄ ከበሩ ተላቃ መጣች። እኔ ይኸው አየህ ልትለው መስሎኝ ነበር፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔ እለው ነበር። መርፌውን አነሳች። እጇን ማጫወቻው ክዳን ላይ አሳርፋ፣ ወለሉን እያየች፣ ያለ ምንም ሙዚቃ ጀመረች።

በዝግታ ነው የዘፈነችው። ቃሉን ጎትታ ጎትታ፣ ከሆዷ ሥር እያወጣች። ይህ ድምፅ ከዚህች ቀጭን ልጅ የት ገብቶ ሲኖር እንደነበር አላውቅም። ፀጉሬ ቆመ። ገና ሕፃን ሆና ደረቴ ላይ ሳለች ጀምሮ የሰማችው ሰውዬውን ነው፤ ሴትዮዋን ስትሰማ ዛሬ ከእኛ ጋር የመጀመሪያዋ ነው። ጋጋሪው ጊታሩን ቀስ ብሎ ከማኅደሩ አወጣና ከሥሯ ገባ። ከበሮ መቺዋ በጣቷ ሶፋዬን መታች፤ ደረጃ የሚወጣው ሰው እግር ነው፣ አንድ፣ አንድ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ልጄ አልሳቀችም። ሆ… ሆ… ሆ… አለች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ባሌ ዓይኑን አልጨፈነም። ሲያያት ነበር፤ አሁን ገና እንደተዋወቃት ዓይነት።

ከዚያ ሸሚዙን ሳብ ሳብ አደረገ።

«ቅዳሜ የምትዘፍኚው እንዴት አድርገሽ ነው?» አላት። «እንደ እሷ ነው እንደ እሱ?»

«እሷማ ራሷ ዘፍናዋለች፣ አባዬ። እሱን ግን ከእኔ ሌላ የሚዘፍንለት ማን አለው?»

ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ሶፋው ዞሮ ከበሮ መቺዋን በጣቱ ጠቆማት፤ ልጅቷ ማኘኳን አቆመች።

«አንቺ» አላት። «ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። እንዳትቸኩዪ።»