የዘገየ ቀኝ እግርና የክሮም ፍሬን

አቶ ዘገየ ከሞቱ ሦስት ዓመት አለፋቸው፤ ቀኝ እግራቸው ግን እስካሁን መኪናው ውስጥ ነው።

ገናዦቹ የሟቹን ሁለት የእግር አውራ ጣቶች በክር ሊያስሩ ሲሉ ያገኙት አንድ ብቻ ነበር። ተያዩ። የተገኘውን ለብቻው አስረው ቀበሩ። ሌላውን በማግስቱ ያገኘችው ባለቤታቸው እታፈራሁ ናት። ለለቅሶ ቤቱ ዳቦ ልታመጣ የነጭ ኮሮላዋን በር ስትከፍት፣ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ፊት፣ ቡናማ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ተረከዙን ወለሉ ላይ አሳርፎ ይጠብቃት ነበር።

"አንተ ደግሞ ምነው ቀረህ?" አለችው።

እግር አይመልስም። በሩን ዘጋችና ወደ ዳቦ ቤት ነዳች።

መንዳት ያስተማሯት ራሳቸው አቶ ዘገየ ናቸው። ከጎኗ ተቀምጠው፣ ነዳጅ በሰጠች ቁጥር ቀኝ እግራቸውን ባዶው ወለል ላይ ይጫኑ ነበር። እሳቸው በኩል ፍሬን የለም፤ መኪናውም አይቆምም። ከሞቱ በኋላ ግን ይቆማል። እታፈራሁ አርባ ላይ ስትደርስ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ኮሮላዋ ቀጥ ትላለች።

አርባን ያመጡት ለቀስተኞቹ ናቸው። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው "አይዞሽ፣ አርባው ሲወጣ ይሄዳል" ሲሏት እግሩም ሰምቷል። አርባው ወጣ። ሰማንያው ወጣ። ሙት ዓመቱም ወጣ፣ እግሩ አልሄደም። አርባን የተረዳው በኪሎሜትር ነው።

ደሴ ከተማ ውስጥ በአርባ መንዳት አያስለቅስም። የሚያስለቅሰው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ገና ብቅ ሲል፣ እግሩ አርባንም ሳይጠብቅ ይረግጣል። ስለዚህ እታፈራሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ የወረደችው በሚኒባስ ነው፤ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ፣ የሰው ዶሮ እግሯ ሥር እየጮኸ።

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ የእህቷ ልጅ ስመኝ ከኮምቦልቻ ደወለች። ሠርጓ ለዳግማዊ ትንሣኤ ነው።

"እቴ፣ በሚኒባስ ነው እንዴ የምትመጪው?"

"በገዛ መኪናዬ ነው፣ ክላክሱን እያንጫረርኩ! አንቺንም ቤተ ክርስቲያን የማደርስሽ እኔው ነኝ!"

"እግሩስ?"

"እግሩን ለኔ ተይው።"

"ካልመጣሽ ከቤት አልወጣም፤ ማርያምን!" አለችና ስመኝ ዘጋች። ልጅቷ በማርያም ከማለች ማለች ነው። እታፈራሁ ስልኩን እንደያዘች ወደ ይመር ጋራዥ ሄደች።

ይመር የአቶ ዘገየ እኩያና ወዳጅ ነው። ኮሮላዋን ከተገዛች ጀምሮ የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው።

"የፊቱን ሁለት ካሊፐር ፍታልኝ።"

"ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑ። ክሮም ላስነክራቸው ነው፣ እንዲያበሩ።"

ካሊፐር ማለት ከቸርኬው ጀርባ ተደብቆ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዝ፣ ሁለት ጡጫ የሚያህል ብረት ነው። ጭቃ ይበላል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ሲፈታ ብቻ ነው ሰው የሚያየው። ይመር እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ እሳት ላይ የሚኖር ብረት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ክሮሙ ይላጣል። ደግሞስ ማን ሊያይልሽ? ከፈለግሽ ቸርኬውን አስነክሪ፣ እሱ ይታያል።"

"ቸርኬ ይሽከረከራል" አለችው። "የሚሽከረከር ነገር መልክ አያሳይም። ይሄ ግን ጎማው ሲዞር እሱ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚኖር።"

"እና ለምንሽ ነው?"

"ለመልክ!"

"ለማን መልክ?"

"ይመር፣ ሥራህ መፍታት ነው መመርመር?"

ይመር ፈታቸው። ፒስተኑ የሚገባበትና የፍሬን ሸራው የሚያርፍበት ቦታ እንዳይነከር፣ እዚያ ላይ ከነኩት ፍሬኑ እንደሚበላሽ ደጋግሞ ነገራት። እሷም በልኩ መለሰች፦ "የሚሠራውን አትንኩብኝ፤ የሚታየውን አብሩልኝ።" ነካሪው ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ ይመር ሁለቱን ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። እንዲህ ሆኖ ፍሬኗ ከእሷ ቀድሞ ሐረጎን ወረደ።

ኮሮላዋ አራት ቀን በድንጋይ ተደግፋ ቆመች። እግሩ የሚረግጠው ፍሬን ባይኖርም፣ ሥራ ላለመፍታት ይሁን ለሌላ፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉን ሦስት ጊዜ ይረግጥ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ይመር መልሶ ገጠማቸው። ዕቃው ያንጸባርቃል ማለት ያንሰዋል፤ እታፈራሁ በቸርኬው ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ጥርሷን ቆጠረችበት። ገና ቀና ሳትል የባሏ እህት የሻረግ በጋራዡ በር ገባች። የሻረግ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም።

"ወንድሜ ትቶልሽ የሄደው ጥቁር ፍሬን ነው" አለች።

"አልሄደማ! ቢሄድ ምን ነበረበት?"

"በሃምሳ ሁለት ዓመትሽ! ለመኪና አልቦ!"

"አዎ አልቦ! የኔን በቀብሩ ቀን ከእግሬ ላይ አስወልቃችሁኛል። ይኸው ለመኪናዬ አጠለቅሁላት። በይ ነይና ይሄንንም አውልቂ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር መፍቻ እዚያ አለልሽ!"

የሻረግ መፍቻውን አየችው፤ አላነሳችውም።

"እሑድ አብሬሽ ነው የምወርደው" አለች። "ወንድሜን ብቻውን ከአንቺ ጋር አልሰድም።"

"ነይ፤ ብቻ ነጠላሽን አሳጥቢ።"

እሑድ በሦስት ሰዓት ተነሱ። የሻረግ ከእግሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ወደ በሩ ሰብስባ። እታፈራሁ ዘይት የመሰለ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። በሠላሳ አምስት እየነዳች ከደሴ ወጣች፤ ሐረጎ አናት ላይ ደረሰች፤ ጠመዝማዛው ብቅ አለ፤ እግሩ ረገጠ፤ ኮሮላዋ ቆመች። ኋላዋ ያለ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀባት። ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣው በአራት ሰዓት ነው።

"ተመለሽ" አለች የሻረግ። "አልፈልግም ብሏል።"

እታፈራሁ የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደች። በመኪናው አፍንጫ ዞራ በየሻረግ በኩል ያለውን በር ከፈተች። እግሩን ዶሮ እንደሚያዝ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ክብደቱ ውሃ የገባው ጫማ ያህል ነው። አስፋልቱ ላይ፣ ከፊት ጎማው ትይዩ አቆመችው።

"እይ" አለችው።

እግሩ ወደ ቸርኬው ቀዳዳ አንድ እርምጃ ቀረበ። ክሮሙ ውስጥ የሐረጎ ሰማይ ነበር፣ ባሕር ዛፍ ነበር፣ ክሩ የተፈታ ቡናማ ጫማም ነበር። እግሩ ወደ ግራ ዞረ፤ ያም ዞረ። ወደ ቀኝ ዞረ፤ ያም ዞረ። ከዚያ በላዩ ምን እንዳለ ለማየት ተረከዙን አነሳ። በላዩ የነበረው ሰማይ ነው።

"ለምን አሳየሽው?" ብላ ጮኸች የሻረግ። "እግር ብቻ መሆኑን አያውቅም ነበር እኮ!"

"ለመልክ ነው ብዬ የለ? ይየዋ መልኩን!"

የጭነት መኪናው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ "እማማ፣ ምን ተፈጠረ?" አለ።

"ምንም። እያየ ነው።"

"ቶሎ ይይ፣ ቲማቲም ነው የጫንኩት።"

እግሩ ከጫማው ወጣ። ጥፍሩ አድጓል። በቸርኬው ቀዳዳ በጣቶቹ በኩል ገባ፣ ተረከዙም ተከትሎ ገባ፤ እታፈራሁ ጎንበስ ብላ ከጎማው ጀርባ ስታይ ምንም አልነበረም። ባዶ ጫማውን አንስታ ለየሻረግ ሰጠቻት። የሻረግ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

እታፈራሁ ሐረጎን ወረደች። አርባ ሞላ፤ ምንም አልሆነም። አርባ አንድ ሲሆን እልል አለች፤ ሃምሳ ሲሆን ክላክሱን ያዘችው። ኩርባው ጋ ስትደርስ ፍሬኑን ራሷ ረገጠች፣ ስትጨርስ ለቀቀችው፤ ይዟታል፣ ለቋታል፣ እንደ ፈቀደችው። የሻረግ በየኩርባው የገዛ ቀኝ እግሯን ባዶው ወለል ላይ ትጫን ነበር። መኪናው አልቆመም።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኮምቦልቻ፣ የሠርጉ ዳስ በር ላይ ቆመች። ስመኝ ነጭ በነጭ ለብሳ ሮጣ ወጣች። ቬሎዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች።

"እቴ! ይሄ የሚያበራው ምንድን ነው?"

"ፍሬኔ ነው። ማን ያይልሻል ላሉኝ ሁሉ ንገሪልኝ!"

ልጅቷ እየሳቀች ወደ እናቷ ተመለሰች። እታፈራሁ የመንገዱን አቧራ ልትጠርግ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከቀኙ ጎማ ፊት ተቀመጠች። ክሮሙ ላይ ውስጥ እግር ነበር፤ አምስት ጣት፣ ተረከዝ፣ እጥፋቱ ሳይቀር፣ ወደ ውጭ እየገፋ። ዙሪያውን ላብ አደብዝዞታል። ጠረገችው። አልጠራም፤ ላቡ በውስጥ በኩል ነበር።

ተነስታ ወደ ግራው ጎማ ዞረች። እዚያም አንድ እግር ነበር። ግራው ነው፤ ያ የተቀበረው።

"ሁለታችሁም መጣችሁ?" አለች። ቁልፉን ነቅላ ጡቷ ሥር ሸጎጠች። "እንግዲህ መጨፈር ይቻላል። መርገጥ ግን የለም!"

ዳሱ ውስጥ ከበሮ ተመታ፤ ቢጫ ቀሚሷን እያራገበች ገባች። ውጭ፣ ሰው በሌለበት፣ ሞተሯ የጠፋው ኮሮላ በከበሮው ልክ መወዝወዝ ጀመረች። ግራው ክሮም ውስጥ ያሉት ጣቶች ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣቱ ላይ የታሰረው የመግነዝ ክርም በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እየላላ ይሄድ ነበር።