ሃያ ሦስት ኪሎ

ሰርካለም ሻንጣ ስታዘጋጅ የሁለት ዓመት መንትዮቿ እያገዟት ነበር፤ ማዕረግ ያስገባውን እየሩስ ታወጣዋለች። ባሏ ከካናዳ ደውሎ "ከሃያ ሦስት ኪሎ ካለፈ ኤርፖርት ላይ አውጪ ይሉሻል" ብሏታል። ሻንጣው የተቀመጠበትን ሚዛን ከነመመዘኛ ብረቶቹ ያዋሳት የባሏ ታላቅ ወንድም አስፋው ነው፤ ዘመሮ ገበያ ላይ የበግ ቆዳ ይመዝንበታል። ከቆዳ በተረፈው ጊዜው የቀዬው ሽማግሌ ነው። ደም ያፈሰሰ ሰው እርቅ እስኪወርድ አገር ይለቃል፤ አስፋው በዚህ ነገር አንድም ቀን አላመቻመቸም።

አማቷ እማማ ወለተ ኢየሱስ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባና ተሸክመው ገቡ።

"ብርድ አገር ነው አሉ። ክተቺው።"

"እማማ፣ ይኼ ብቻውን ሰባት ኪሎ ነው።"

"እንግዲያ ልብሱን አውጪዋ።"

አወጣችው።

አስፋው ዱላውን እንደያዘ ገባና ማዕረግን በአንድ እጁ አነሳው። ጠቦት እንደሚገዛ ሰው ከፍ ዝቅ አደረገው።

"ሴቷን ውሰጂ። ይኼ ለአባቱ መሬት ይቀራል።"

"ጋሼ፣ ልጄን ያስቀምጡልኝ።"

"መሬቱን ዳዋ ይብላው ነው የምትይው?"

የልጁን እግር ያዘች። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ግራ ክንዷን ሲያገኘው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። እየሩስ የአጎቷን ባት ነከሰች፤ በእግሩ ሲያሽቀነጥራት ግድግዳው መለሳት። ይኼኔ ሰርካለም በደህና እጇ ከሚዛኑ ላይ የሁለት ኪሎውን ብረት አነሳች።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አለችና ግንባሩን ፈነከተችው።

አስፋው ልጁን ሳይጥል ቀስ ብሎ ባናው ላይ ተቀመጠ። ደሙ ቅንድቡን አልፎ በጢሙ ወረደ። ማዕረግ ከእቅፉ ወርዶ ወደ እናቱ ሄደ።

"ደሜን አፍስሰሻል" አለ አስፋው፣ ገበያ ላይ እንደሚፈርድ ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ። "እርቅ እስኪወርድ ከዚህ አገር ትወጫለሽ።"

"ከነልጆቼ?"

አስፋው ወደ ማዕረግ ተመለከተ።

"አምና የአክስትህን ልጅ ወደ ራቤል ስታባርረው" አሉ እማማ ነጠላቸውን እየቀደዱ፣ "ልጆቹን የት ይጥላቸው፣ ይዟቸው ይሂድ ብለህ አልነበር የፈረድህ?"

አስፋው ደሙን በመዳፉ ጠረገ። ዱላውን አየው፣ እናቱን አያቸው። እማማ መጀመሪያ የሰርካለምን ክንድ አስረው ወደ እሱ ራስ እየመጡ ነበር።

"ከነልጆቹ ብያለሁ" አለ።

"እንግዲያ ተነስ ከባናው ላይ።"

ተነሳ። ባናውን ከነደሙ አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው፤ ብረቱን በሱሪው ጠርጎ ሚዛኑ ላይ መለሰ። ሻንጣው ያለበት የሚዛኑ ወገን ወደ ታች ወረደ።

"ያልፋል" አለ፣ በአንድ ዓይኑ እያየ። "ጫማ አውጪ።"