ቦታ ይበላል

በያጁ ቤቱን ሲሠራ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ እንኳ በከንቱ አላሳለፈም። ሰፈሩ «ሴንቲ» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። ሜትሩን ከቀበቶው ላይ የሚያወርደው ለመኝታ ብቻ ነው ይባላል፤ ሚስቱ ደግሞ ያኔም ትራሱ ሥር ነው የሚያኖረው ትላለች።

ያለቻቸው አንዲት ክፍል ናት። ጣሪያዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የብረት ቆጥ ዘረጋባትና መኝታውን ላይ ሰቀለው። ታች ማጠቢያ ማሽኑ ከምድጃው ሥር ገባ፣ ፍሪጁ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጣበቀ፣ ጠረጴዛው ከግድግዳው ላይ እየታጠፈ ይወጣል ይወርዳል፣ የጭማቂ መፍጫው እንኳ ከቆጡ ሥር ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ሲዘረጋ ፍሪጁ አይከፈትም፤ ማሽኑ ሲከፈት አንዱ ሰው ደጅ ይወጣል። እንግዳ የሚገባው በተራ ነው። «እኛ ቤት መጣላት አይቻልም» ትላለች ሚስቱ፤ «ያኮረፈ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ጥግ የለማ!»

የዕቃ እግር የሚባል ነገር አይወድም፤ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከቆጡ፣ ቆጡን ከአልጋው ብረት፣ የአልጋውን ብረት ከግድግዳው ጋር በየደው። አንዱ አንዱን ይዞ ነው የቆመው። ደረጃም ቦታ ይበላል ብሎ ቀጥ ያለ መሰላል አቆመና ከላይ አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተወለት። ያን ጊዜ ሚስቱ ቀጭን ነበረች።

ሆዷ ሲገፋ ቀዳዳው ጠበባት። «አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ይሄን ነገር አስፋልኝ» ብትለው «ቀዳዳውማ ያው ነው፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽ» ብሎ ሳቀ። ደግማ ብትለምነው «ስትወልጂ ትከሺያለሽ፣ ያኔ ይተርፍሻል» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ታች እንዳትተኛ ሰው የሚጋደምበት ወለል የለም። ስለዚህ ሲመሽ ከሥር እየደገፈ በጎኗ ያሾልካታል፣ ሲነጋ እየተቀበለ ያወርዳታል። ይሳሳቁበታልም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ታች ሻይ እያፈላ ሳለ ከላይ ጠራችው።

«ናማ።»

ድምፅዋ ደስ አላለውም። መሰላሉን ወጥቶ አንገቱን በቀዳዳው ብቅ ሲያደርግ አንሶላው ደም ነው።

«ከነቃሁ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አለች ሆዷን ይዛ። «ሁልጊዜ ሲነጋ ይረግጠኝ ነበር። ዛሬ ዝም አለኝ።»

እግሮቿን በቀዳዳው አስገብቶ እንደ ወትሮው በጎኗ ሊያወርዳት ሞከረ። ሆዷ ብረቱን ሲነካ ጮኸች። አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። መልሶ ወደ ላይ ገፋት።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ጩኸቱን ሰምታ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ሮጣ መጣች። ልጆች ወልዳ ያሳደገች ናት፤ ሰው አትፈራም። ቀና ብላ አየችና «እንዳትነካት!» አለችው። «ያንን ሆድ ብረት ላይ ከጫንከው ሁለቱንም ትገድላቸዋለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«የሠራኸው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?» አለችና አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች።

አምቡላንሱ ደረሰ፤ ቃሬዛው ግን በበሩ አላልፍ አለ። አብሮ የመጣው የጤና ባለሙያ ቀጠን ያለ ልጅ ነውና በቀዳዳው ወጥቶ አያት። ሲወርድ ፊቱ ተለውጧል።

«ደሙ አልቆመም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት መግባት አለባት።»

«ልጁስ?»

«የልጁን እዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም፣ ወንድሜ። በየት በኩል ነው የምናወርዳት?»

ሴንቲ ቀና ብሎ የገዛ ሥራውን አየ። የቆጡ ጣውላ ቢነሳ ከሥሩ ብረት አለ፤ ብረቶቹ ደግሞ ከቀዳዳውም ይልቅ የተጠጋጉ ናቸው። ቀዳዳውን የሚያሰፋው አንድ ብረት መቁረጥ ብቻ ነው፤ እሱም አልጋውን የተሸከመው ብረት ነው። እሱ ተቆረጠ ማለት ቆጡም፣ ቁም ሳጥኑም ተከታትለው ይወርዳሉ፣ እሷንም ይዘው። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ግንባሩን ከመሰላሉ ጋር እያጋጨ «አስፋልኝ ስትለኝ… አስፋልኝ ስትለኝ…» ይላል።

«አልቅሰህ ስትጨርስ ንገረን» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ከሥር ቢደገፍስ?»

«በምን?»

«በሰው ነዋ!»

ሰውማ ሞልቷል፤ ደጁ በጎረቤት ተጥለቅልቋል። ሰው የማይዘው ቤቱ ነው። ሴንቲ ማጠቢያ ማሽኑን ከነቱቦው ነቅሎ ደጅ ጣለው። ፍሪጁ ተከተለ፣ ምድጃው ተከተለ፣ ጠረጴዛው ከነማጠፊያው ተገነጠለ። ስንት ዓመት እየለካ ያስገባውን ዕቃ፣ ሻይ እስኪፈላ ባልሞላ ጊዜ አወጣው። በተለቀቀችው ወለል ላይ ባለሱቁ፣ ግንበኛውና ሁለት ጫኝና አውራጅ ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆሙና መዳፋቸውን ከቆጡ ሥር ዘረጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ቆጥ ይሸከም እንደሆነ ግን የሞከረው የለም።

መቁረጫ ማሽኑን አነሳና መልሶ አስቀመጠው፤ ብልጭታው ፍራሹን ያነደዋል። የእጅ መጋዙን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ለልጅ ልጅ ይቆይ ብሎ ራሱ መርጦ የገዛው ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ይገዘግዛል። የሚስቱ ድምፅ ከላይ እየሳሳ ሄደ።

«እያወራሽ ቆዪኝ!» አላት።

«ምን ላውራ?»

«ስደቢኝ!»

«ደከመኝ» አለችው።

ሐሞቱ የፈሰሰው ይኼኔ ነው። እሱን ለመስደብ ደክሟት አያውቅም። «አምላኬ፣ ሁለተኛ ሜትር አልይዝም» አለ። መማፀኛ ሲያጣ ሰው የማይለው የለም።

ብረቱ ሲበጠስ ቆጡ አቃሰተ፣ የተሸከሙትም አብረው አቃሰቱ። ባለሙያው ከላይ፣ ሴንቲ ከታች ሆነው በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሰዎቹ ክንድ መሃል አወረዷትና ወደ መኪናው ሮጡ። ሴንቲ አብሯት ገብቶ ራሷን ጭኑ ላይ አስደገፈው። ከንፈሯ ነጥቷል። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እሱም ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል። ምንም የለም።

መኪናው ሰዉን እያስነሳ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከቤት ውስጥ የባለሱቁ ጩኸት ተሰማ።

«ሴንቲ! ኧረ እኛስ? ክንዳችን ተገነጠለ እኮ! ምን እናድርገው?»

ለካ እስካሁን ተሸክመውታል። ሴንቲ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። የጉልምስና ዘመኑ በሙሉ እዚያ ቆጥ ላይ ተበይዷል። ሰው እያስገባ ያሳየው፣ የተመሰገነበት፣ «እጅህ ይባረክ» የተባለበት ሥራ ነው።

«ልቀቁት!» ብሎ ጮኸ። «ወደ በሩ እየሸሻችሁ ልቀቁት!»

አንድ በአንድ እየዘለሉ ወጡ። መጨረሻ የቀረው ግንበኛ ደጃፉን ሲረግጥ ቆጡ፣ ቁም ሳጥኑ፣ አልጋው ተያይዘው ወረዱ። የቤቱ መስኮት ረገፈ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው መኪናውን አለበሰውና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

ሚስቱ ክው አለች። «ምንድን ነው?»

«ቤታችን ነው።»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ዓይኗ ፈጠጠ። እጁን ጎትታ ሆዷ ላይ አጥብቃ ጫነችው።

«ደነገጠ» አለች። «ደንግጦ ረገጠኝ።»

ሴንቲ እጁን እዚያው አድርጎ ትንፋሹን ያዘ። ከመዳፉ ሥር አንዴ ገፋ አደረገው፣ ቆየት ብሎም ደገመው።

«ንዳው!» አለ ባለሙያው ሾፌሩን። «ምን ትጠብቃለህ፣ ንዳው!»