የትርፌ ገመድ

«እህት ጣቢታ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ወንጌላዊው ጴጥሮስ፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ እያደረገ። «ኮረብታው ላይ ስትጸልዩ ምን ትሉ ነበር?»

ጣቢታ ባቄላዋን አኝካ እስክትጨርስ አስጠበቀችው። ጓደኛዋ ትርፌ የተቀበረችው ትናንት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ከእሷ የበለጠ ሟቿን የሚያውቅ ይመስላል። በወዲያ በኩል የቀበሌው ሊቀመንበር ወንዳፈረው፣ «በዚያ ዕድሜዋ ከኮረብታ እንጨት የምታወርድ ሴት! ለአብዮቱ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ክንድ ነው» እያለ ጎረቤቶቹን ያስተምራል። በወዲህ በኩል ምእመናኑ ይንሾካሾካሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በቀበሌው ከታሸገ ወዲህ ትርፌ በእንጨት ለቀማ አሳብባ ኮረብታ ላይ ስትጸልይ ኖራለች አሉ።

«ነገ በሦስተኛው ቀን ለወገኖቻችን ልናገረው ነው» አለ ጴጥሮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰዉ ፈርቷል። የእሷ ነገር ያበረታዋል። አንቺ ከመሰከርሽ ማን ይጠራጠራል?»

ጣቢታ ወንዳፈረውን አየችው፤ ጴጥሮስንም አየችው። ሁለቱም ትርፌን ሊወስዱባት ነው።

ልጃገረዶች ሳሉ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው፣ በጀርባቸው አዝለው ከዶዮገና ሆሳዕና ገበያ ይመላለሱ ነበር። ያኔ ዳገት ጠላታቸው ነበር። ከዚያ ባል መጣ፣ ልጅ መጣ፤ ለብዙ ዘመን የሚገናኙት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ብቻ ሆነ። በሩ ሲታሸግ እሑዱ ባዶ ሆነባቸው። ጣቢታ ሄዳ የትርፌን በር አንኳኳች።

«ተነሽ፣ ዳገቱን እንውጣ።»

«ምን ልናመጣ?»

«ምንም።»

ትርፌ እንደ እብድ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ የቀበሌ ጥበቃ አስቆማቸው። ለእሱ ባዶ ጀርባዋን ዳገት የምትወጣ ሴት የሆነ ነገር ደብቃለች ማለት ነው። በሳምንቱ ትርፌ የቃጫ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። «ይኸው የይለፍ ወረቀቴ» አለች። ሲመለሱ ጥቂት ጭራሮ ያስሩበታል።

«አልጸለይንም» አለችው ጣቢታ ለጴጥሮስ።

ጴጥሮስ ዙሪያውን ቃኘ። «በልባችሁ ማለትሽ ነው?»

«በልባችንም። የምንጸልየው ቤታችን ነው። እዚያ ላይ ቆሎ እንበላለን፣ የሞቱ ባሎቻችንን እናማለን፣ ማን ቀድሞ ጫፍ እንደሚደርስ እንፎካከራለን። ትርፌ ታሸንፈኛለች፤ ታጭበረብራለቻ።»

«ለዚህ ብቻ?»

«ለዚህ። ልጆች ሳለን ሸክም አጉብጦን አገሩን አላየነውም። አሁን አየነው።»

«ገመዱስ? ውሸት አልነበረም?»

«ነበር፤ ለወንዳፈረው። አንተን አልዋሸችህም። አንተ መቼ ጠየቅሃት?»

ከኋላቸው የትርፌ ልጅ ገነቴ የውሃ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር። ዱራሜ የምታስተምር፣ ከቀብሩ ወዲህ ቃል ያልወጣት ልጅ ናት።

«እትዬ ጣቢታ፣ እማዬ እንዴት ነበር የምታጭበረብረው?»

«‹እባብ!› ትለኛለች። እኔ ስዘል እሷ ትቀድማለች።»

ገነቴ ሳቀች። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ሳቋን አላቆመችም።

በማግሥቱ ጴጥሮስ በወገኖቹ ፊት ተነሥቶ፣ «እህታችን ትርፌ በእግር መሄድ ትወድ ነበር» አለና ተቀመጠ።

ድንኳኑ በተነሣ በመጀመሪያው እሑድ ጣቢታ ስትመጣ ገነቴ የእናቷን ሸራ ጫማ አጥልቃ ጠበቀቻት። ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ገመዱን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

ጣቢታ ወሰደችባት።

«ጥበቃው ቢጠይቀንስ?»

«ይጠይቀና። እንዲሁ ልንሄድ ነው እንለዋለን።»

ጣቢታ ገመዱን አጣጥፋ ሚስማሩ ላይ መለሰችው። ጫፉ ላይ ትርፌ ቋጥራው የቀረ ቋጠሮ ነበር፤ በአውራ ጣቷ አንዴ ዳሰሰችውና ሳትፈታው ተወችው።